ቅጠሉ ለእኛ፣ ሥሩ ለሚመጡት



መስረቅን የሚከለክለውን ሰባተኛውን ትእዛዝ ለልጆች ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንነሣው ከባለቤቱ ነው። የጎረቤት ዶሮ የጎረቤት ነው፤ የትምህርት ቤቱ ጠመኔ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ስለዚህ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መውሰድ ኃጢአት ነው እንላለን። ልጆቹም ሳይቸገሩ ይረዱናል። ዳሩ ግን ከመካከላቸው አንዱ እጁን አንሥቶ፣ «ባለቤት የሌለውን ነገር መውሰድስ ስርቆት ነው ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሳችን ምን ይሆናል? ማንም ያልዘራውን፣ ማንም ያልኰተኰተውን፣ ማንም አጥር ያላጠረለትን የዱር ቅጠል የቀጠፈ ሰው ማንን በድሏል? በድሏል የምንል ከሆነስ ተበዳዩ ማን ነው?

ጥያቄው የሕፃን ጥያቄ ይምሰል እንጂ ቀላል አይደለም። ዛሬ በምድር ላይ ከሚፈጸሙት ጥፋቶች ብዙዎቹ የሚደርሱት ባለቤቱ ተለይቶ በማይታወቅ ነገር ላይ ነው፤ በደን፣ በወንዝ፣ በአፈርና በአየር ላይ። እነዚህ ግን እጅግ ሰፊ ስለሆኑ ኅሊናችን በአንድ ጊዜ ሊጨብጣቸው አይችልም። ስለዚህ ነገሩን በአንድ ትንሽ ተክል ምሳሌነት ልንመረምረው አስበናል። ተክሉ በአገራችን የማይበቅል ቢሆንም፣ የደረሰበት ነገር ጥያቄውን አጥርቶ የሚያሳይ ሆኖ አግኝተነዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቈጣጠር ናቸው።

ተክሉና ዕድሜው

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከካናዳዋ የኬቤክ ግዛት ጀምሮ በአፓላችያ ተራሮች ሰንሰለት እስከ ኖርዝ ካሮላይናና ቴነሲ ድረስ፣ ራምፕ የሚባል የዱር ሽንኩርት ይበቅላል። ቅጠሉ እንደ ቀይ ሽንኩርት ቅጠል ቧንቧ መሳይ ሳይሆን ሰፊና ለስላሳ ነው። ከመሬት ውስጥ ያለው ራስ ነጭና ትንሽ ነው። ጣዕሙ በቀይ ሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት መካከል ሲሆን፣ ሽታው እጅግ ብርቱ ከመሆኑ የተነሣ የበላው ሰው ሊደብቀው አይችልም። በተራሮቹ በሚገኙ የገጠር ትምህርት ቤቶች ራምፕ በልተው የመጡ ልጆች ስለ ሽታው ወደ ቤታቸው ይመለሱ እንደ ነበር እስከ ዛሬ በሣቅ ይወራል።

የዚያ አገር ደኖች ዛፎች በብርድ ወራት ቅጠላቸውን ያራግፋሉ። በመጋቢትና በሚያዝያ ገደማ በረዶው ሲቀልጥ፣ ፀሐይ በባዶዎቹ ቅርንጫፎች መካከል አልፋ መሬት ትደርሳለች። ራምፕ የሚነቃው በዚህ ጊዜ ነው። ዛፎቹ አዲስ ቅጠል አውጥተው ጥላቸውን እስኪጥሉ ድረስ ያሉት ጥቂት ሳምንታት ለእርሱ የዓመቱ የሥራ ዘመን ናቸው። በእነዚያ ሳምንታት ከብርሃን ያገኘውን ምግብ ከመሬት በታች ያከማቻል፤ ከዚያም ቅጠሉ ይጠወልጋል። በሰኔና በሐምሌ ቅጠል የሌለው አንድ አገዳ ብቻ ወጥቶ ነጭ አበባ ያብባል፤ በመስከረም ገደማም ጥቁር ዘር ይጥላል።

ለነገራችን ዋናው ቁም ነገር የዕድገቱ ዝግታ ነው። ዘሩ ለመብቀል ከአንድ ዓመት በላይ ሊቈይ ይችላል። ከበቀለም በኋላ አብቦ ዘር እስኪሰጥ ድረስ አምስት፣ ሰባት፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጥ ዓመት ያስፈልገዋል። እንግዲህ በአንድ አፍታ ከመሬት ተመንግሎ የሚወጣው ይህ ትንሽ ነገር፣ የመጀመሪያ ቍርባን ለመቀበል ከሚዘጋጅ ልጅ ጋር በዕድሜ እኩያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለተራራው ነዋሪዎች ራምፕ የረጅሙ ብርድ ማብቂያ ምልክት ነበር። ከደረቅ እህልና ጨው ተነስንሶበት ከቈየ ሥጋ በቀር ሌላ ባልነበረበት ወቅት፣ ከመሬት የሚወጣው የመጀመሪያ አረንጓዴ ምግብ እርሱ ነበር። የአገሩ ቀደምት ነዋሪዎች ከሆኑት ሕዝቦች መካከል ቸሮኪዎች ለምግብም ለመድኃኒትም ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ከአውሮፓ የመጡት ሰፋሪዎችም ይህንኑ ልማድ ወረሱ። ታላቂቱ ከተማ ቺካጎ እንኳ ስሟን ያገኘችው በስፍራው ይበቅል ከነበረው የዱር ሽንኩርት የአገሬው መጠሪያ እንደ ሆነ ይነገራል። በዌስት ቨርጂኒያ ግዛት በምትገኘው በሪችውድ ከተማ ሕዝቡ ዛሬም በየዓመቱ በሚያዝያ ተሰብስቦ ራምፕ በአንድ ማዕድ ይበላል።

ከማዕድ ወደ ገበያ

ለብዙ ዘመን ተክሉ ከመንደር ማዕድ ርቆ አልሄደም። በሃያኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግን የታላላቅ ከተሞች ምግብ ቤቶች ወደዱት። ቀድሞ የድኻ ምግብ ተብሎ ይናቅ የነበረው ቅጠል የባለጠጎች ጌጥ ሆነ። ለቤቱ አንድ እፍኝ ይለቅም የነበረው ሰው ለነጋዴ በጆንያ ይቈፍር ጀመር። ራምፕ የሚበቅለው ተጠጋግቶ፣ አንድን ተዳፋት እንደ ምንጣፍ ሸፍኖ ስለሆነ፣ ለማየት የማያልቅ ይመስላል። ነገር ግን መቈፈሪያ የያዘ ሰው ብዙ ዓመታት የወሰደውን በአንድ ማለዳ ሊጨርሰው ይችላል።

የኬቤክ መንግሥት አደጋውን ተመልክቶ በ1995 ተክሉን ለጥፋት ከተጋለጡት ዝርያዎች መካከል መዘገበው፤ መሸጡንም ፈጽሞ ከለከለ። ለቤት ምግብ ግን አንድ ሰው በዓመት እስከ 50 ራስ ድረስ እንዲለቅም ፈቀደ። በዩናይትድ ስቴትስ በሚገኘው በግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ ለቀማው በ2002 በሙሉ ታገደ። በዚያው ፓርክ የተደረገና በ2004 የታተመ አንድ ጥናት፣ ተክሉ ከነራሱ እየተነቀለ እንኳ ሳይጠፋ ሊቈይ የሚችለው ከአሥር አንዱ ብቻ፣ ያውም በአሥር ዓመት አንድ ጊዜ ቢወሰድ ነው የሚል መደምደሚያ ላይ ደርሷል።

ይህን ቍጥር ልብ እንበለው። እኛ ዐሥራት ስንል ከአሥር አንዱን ለእግዚአብሔር ሰጥተን ዘጠኙን ለራሳችን ማስቀረትን እናስባለን። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን፤ ለእኛ የተፈቀደልን አንዱ ነው፣ ዘጠኙ በስፍራው ይቈይ ዘንድ ግድ ነው።

በዳዩ ማን ነው?

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አንድ ተዳፋት ባዶ ቀርቷል። አንድ መቶ ሰዎች በተለያየ ጊዜ መጥተው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ቅርጫት ወስደዋል። ከመቶዎቹ አንዱ እንኳ ተክሉን ለማጥፋት አላሰበም። በዳዩን ብንፈልግ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ያቀርባል፤ ምክንያቶቹም በጠቅላላው ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው፣ «እኔ የወሰድሁት ጥቂት ነው» ይላል። እውነቱን ነው፤ ጥቂት ነው። ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ክፉውም በጎውም የሚሠራው በጥቂት ጥቂቱ ነው። ከእኔ በፊት መቶ እጅ እንደ ነበረ፣ ከእኔም በኋላ መቶ እጅ እንደሚመጣ እያወቅሁ የምወስደው እፍኝ፣ ማንም በማይደርስበት በረሓ ከተወሰደ እፍኝ ጋር አንድ አይደለም። የሥራችን ክብደት የሚለካው በቅርጫታችን ውስጥ ባለው ብቻ አይደለም፤ ስለ ሁኔታው በምናውቀው ጭምር ነው። ይህን ስንል አንድ ቅጠል የቀጠፈ ሁሉ ከባድ ኃጢአት ሠርቷል ማለታችን አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የነገሩን ክብደት፣ ዕውቀትንና ፈቃድን ለይታ እንድንመዝን ታስተምረናለች፤ ሰውን በከንቱ ማስጨነቅም መልካም ትምህርት አይደለም። ነገር ግን ጥቂትነት ብቻውን ከተጠያቂነት ነፃ አያወጣም።

ሁለተኛው፣ «እኔ ብተወው ሌላው ይወስደዋል» ይላል። ይህ ምክንያት ከሦስቱ ሁሉ ደካማው ሲሆን፣ በሰው ልብ ግን ከሁሉ የበረታ ነው። የሌላው ሰው በደል ገና ሳይፈጸም ለእኛ ፈቃድ ሊሆነን አይችልም። በዚህ አሳብ ብንሄድ፣ መንገድ ላይ ገንዘብ ወድቆ ያገኘ ሰው ለባለቤቱ የሚመልስበት ምክንያት አይኖረውም፤ ከኋላው የሚመጣው ሌላ ሰው ይወስደው ነበርና። ደግሞም መቶውም ሰው ይህንኑ ሲል፣ ሁሉም የሚፈራው ያ «ሌላ ሰው» ማን መሆኑ ይገለጣል፤ እያንዳንዱ ለሌላው ያ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል።

ሦስተኛው፣ «እግዚአብሔር ለሁሉ የፈጠረው ነው» ይላል። ይህ እውነት ስለሆነ በሚገባ ልንመረምረው ይገባል። በመጀመሪያ ግን ቅዱሳት መጻሕፍት ስለ መውሰድና ስለ መተው ምን እንደሚሉ እንመልከት።

የወፏ ጎጆ፣ የጎረቤት ወይን፣ መናው

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 አንድ ትንሽ ሕግ እናገኛለን። መንገደኛ የወፍ ጎጆ ቢያገኝ፣ እናቲቱም በጫጩቶቹ ወይም በእንቁላሎቹ ላይ ተቀምጣ ቢሆን፣ ጫጩቶቹን ሊወስድ ይችላል፤ እናቲቱን ግን ሊለቅቃት ይገባል። ጎጆው የማንም አይደለም፤ በመንገድ ዳር የተገኘ ነው። ሕጉ መንገደኛውን ባዶ እጁን አያሰናብተውም፤ ፍሬውን ይሰጠዋል፣ የፍሬውን ምንጭ ግን ይከለክለዋል። የሚያስደንቀው ደግሞ ከዚህ ሕግ ጋር የተያያዘው ተስፋ ነው። መልካም እንዲሆንለትና ዕድሜው እንዲረዝም የተባለው ተስፋ፣ አባትንና እናትን ለሚያከብር ከተሰጠው ተስፋ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ለወላጆቻችን የምንሰጠው ክብርና ለሕይወት ምንጭ የምንሰጠው ክብር በእግዚአብሔር ፊት የተራራቁ አይደሉም ብለን ብናስተውል አንሳሳትም።

እዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 23 ላይ ሌላ ሕግ አለ። ወደ ጎረቤቱ የወይን ቦታ የገባ ሰው እስኪጠግብ ድረስ ሊበላ ይችላል፤ በዕቃው ግን ምንም ይዞ ሊወጣ አይችልም። ሆድና ዕቃ እንዴት እንደ ተለዩ እንመልከት። ሆድ ፈጣሪ ያበጀለት ወሰን አለው፤ ይሞላል፣ በቃኝም ይላል። ዕቃ ግን እኛ ካልወሰንንለት በስተቀር ወሰን የለውም፤ አንዱ ሲሞላ ሌላ እናመጣለን። ሕጉ ንግድን ኃጢአት አላለም። ነገር ግን በነፃ የተሰጠ ነገር ከረኃብ ወጥቶ ወደ ጆንያ በገባ ጊዜ አዲስ ጥያቄ እንደሚነሣ ያስጠነቅቀናል።

ሦስተኛው ምሳሌ መናው ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 16 እስራኤላውያን የታዘዙት እያንዳንዱ በቤቱ ባለው ሰው ቍጥር ልክ እንዲሰበስብ ነው። ያለ ትእዛዝ ለነገ ብሎ ያስቀመጠው ተላ፤ ለሰንበት የተቀመጠው ግን አልተበላሸም። እንግዲህ ችግሩ ማስቀመጥ አልነበረም፤ ነገም ሰጪ መኖሩን መርሳት ነበር። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 ደግሞ ያው ሕዝብ በግብፅ ይበላው የነበረውን ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አስታውሶ አለቀሰ። ሽንኩርት መመኘት በራሱ ኃጢአት አልነበረም። ነገር ግን ምኞቱ ልክ አጥቶ፣ ድርጭቶች በመጡ ጊዜ ቀንና ሌሊት እስከ መሰብሰብ ደረሱ፤ ስፍራውም የምኞት መቃብር ተባለ።

«ለሁሉ» ማለት ለማን ነው?

አሁን ወደ ሦስተኛው ምክንያት እንምጣ። እግዚአብሔር ምድርንና በውስጧ ያለውን ሁሉ ለሰው ልጆች ሁሉ ጥቅም እንደ ሰጠ ቤተ ክርስቲያን ምንጊዜም ታስተምራለች። ዳግማዊ የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም ባወጣው ሰነድ ይህንኑ አጽንቷል። ስለዚህ ራምፕ ለቃሚው «ለሁሉ የተሰጠ ነው» ሲል ትምህርታችንን እየተናገረ ነው። ጉድለቱ «ሁሉ» የሚለውን ቃል ማሳጠሩ ላይ ነው። በእርሱ አሳብ ሁሉ ማለት ዛሬ በሕይወት ያለው፣ ዛሬ ተራራውን መውጣት የሚችለው፣ ዛሬ መቈፈሪያ የያዘው ነው። ገና ያልተወለደው ግን ከሁሉ ውስጥ አልተቈጠረም።

ተበዳዩን የምናገኘው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ባዶ ተዳፋት ላይ የተሰረቀው ከዛሬው ጎረቤት አይደለም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ በረዶው ቀልጦ ወደዚያ ከሚወጣው ልጅ ነው። ያ ልጅ ዛሬ ድምፅ የለውም፤ ሊከስ አይችልም፤ ስሙ እንኳ ገና አልወጣለትም። ሰባተኛው ትእዛዝ ግን ባለቤቱ መክሰስ ሲችል ብቻ የሚጸና ሕግ አይደለም። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቍጥር 2415 ለፍጥረት የሚገባውን ክብርና ለሚመጡት ትውልዶች ያለብንን ኃላፊነት ያስቀመጠው በዚሁ በሰባተኛው ትእዛዝ ሥር መሆኑን መምህራን ልብ ሊሉት ይገባል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ለ1990 የዓለም የሰላም ቀን ባስተላለፉት መልእክት የተፈጥሮ መጐዳት የግብረ ገብ ጉዳይ መሆኑን አስገንዝበዋል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 «ላውዳቶ ሲ» በተባለው ሐዋርያዊ መልእክታቸው ለሚመጣው ትውልድ ማሰብ በፈቃዳችን የምናደርገው ቸርነት ሳይሆን የፍትሕ ግዴታ መሆኑን አስተምረዋል።

በቸርነትና በፍትሕ መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። ቸርነት ከሆነ፣ ሥሩን የተወ ሰው ሊመሰገን ይገባዋል፤ የነቀለውም አይወቀስም። ፍትሕ ከሆነ ግን፣ ሥሩን የተወ ሰው የሌላውን ድርሻ በስፍራው ተወ እንጂ ከራሱ ምንም አልሰጠም። አገራችን «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችውን አህያ የምትተርትባት በከንቱ አይደለም። አህያዪቱ ከራሷ በኋላ ለሚመጣው ሣር ግድ የላትም፤ ሰው ግን እንዲያ ሊናገር አልተፈጠረም።

ሕጉ በድኻው ላይ ሲከብድ

እስከዚህ ድረስ የተናገርነው ቀና ይመስላል። ነገር ግን ወደ ሥራ ስንለውጠው አንድ ከባድ ነገር ይገጥመናል፤ እርሱን ዘልለን ብናልፍ ትምህርታችን እውነተኛ አይሆንም።

የግሬት ስሞኪ ማውንቴንስ ፓርክ የተመሠረተው በ1934 ነው። ፓርኩ ከመከለሉ አስቀድሞ ቸሮኪዎች በእነዚያ ተራሮች ራምፕ ሲለቅሙ ኖረዋል። የእነርሱ ልማድ ደግሞ ተክሉን ከመሬት በላይ ወይም ከሥሩ ከፍ አድርጎ መቍረጥና ሥሩን በአፈር ውስጥ መተው ነው፤ የተተወውም እንደ ገና ያቈጠቍጣል። በ2002 የወጣው እገዳ ግን ሥሩን በሚተወውና በጆንያ በሚነቅለው መካከል ልዩነት አላደረገም። በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል ነበር፤ ሸክሙ ግን እኩል አልነበረም። አንዱ ያጣው ትርፍ ነው፤ ሌላው ያጣው የአባቶቹን ማዕድ ነው። በ2016 የአገሩ የፓርኮች አስተዳደር ከቀደምት ሕዝቦች ጋር እየተስማማ አንዳንድ ተክሎችን እንዲለቅሙ የሚፈቅድበት ደንብ አወጣ። በ2019ም ከምሥራቅ ቸሮኪዎች ጋር ሶቻን ስለሚባል ሌላ የቅጠል ምግብ ስምምነት ተደረገ።

እንግዲህ ለድኻው የተለየ ሚዛን ሊኖር ይገባልን? ቅዱስ ቶማስ ዘአኵዊኖ፣ ሰው ንብረትን ለመንከባከብና ለማስተዳደር የራሱ ሊያደርገው ቢችልም፣ በአጠቃቀሙ ግን ለተቸገረው ሊያካፍል እንዲገባው፤ የሞት ሽረት ችግር በደረሰ ጊዜም ለነፍሱ የሚያስፈልገውን የወሰደ ሰው እንደ ሌባ እንደማይቈጠር አስተምሯል። ስለዚህ የተራበ ሰው የሚለቅመውና ለቅንጦት የሚለቀመው በአንድ ሚዛን ሊመዘኑ አይችሉም። ይሁን እንጂ ተክሉ የቈፈረውን እጅ ድኻ ነህ ወይስ ባለጠጋ ብሎ አይጠይቅም። ሥሩ ከወጣ ወጣ ነው። ተራራው ባዶ ሲቀር ባለጠጋው ሌላ ምግብ ይገዛል፤ በባዶው ተዳፋት ላይ ቆሞ የሚቀረው የድኻው ልጅ ነው። ስለዚህ ድኻውን እንወዳለን ብለን ሁሉን እንዲነቅል ብንተወው፣ በዛሬው ድኻ ስም የነገውን ድኻ እንዘርፋለን።

የኬቤክ ሕግ እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ ነው። ለቤት ምግብ የሚሆነውን በልክ ፈቀደ፣ ሽያጩን ግን ዘጋ። ሕግ አውጪዎቹ አስበውት ይሁን ሳያስቡት፣ በዘዳግም 23 ያየነውን የሆድና የዕቃ ልዩነት እናገኝበታለን። ፍጹም ነው አንልም። ከሽያጩ ጥቂት ገንዘብ ያገኝ የነበረ ችግረኛ ቤተሰብ ተጐድቶበታል፤ ሽያጭ ወዳልተከለከለበት ወደ ጎረቤት ግዛት በስውር የሚያሻግሩም አልጠፉም። ቢሆንም ቅደም ተከተሉ ትክክል ነው ብለን እናምናለን፤ አስቀድሞ ማዕድ፣ ከዚያ በኋላ ገበያ፤ ከሁለቱም በፊት ግን ሥሩ። ሕግ በሚወጣበትም ጊዜ ተክሉን ለብዙ ዘመን ሳያጠፉ የኖሩት ሰዎች አስቀድመው ሊጠየቁ ይገባል፤ የመጠበቅ ጥበብ ያለው በእነርሱ ዘንድ ነውና።

በእኛ ዘንድ

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ሆኖ እንዳይቀር፣ በራሳችን ተራሮች ላይ ያለውን ጦስኝ እናስብ። በመንዝና በባሌ ደጋዎች የሚበቅለው ጦስኝ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ ዝርያ ነው። ማንም አልዘራውም። ለሻይና ለበርበሬ ማጣፈጫ ይሆናል፤ እየተለቀመም በገበያ ይሸጣል። ቅርንጫፉ ቢታጨድ መልሶ ያቈጠቍጣል፤ ከነሥሩ ቢመነገል ግን ቦታው አፈር ብቻ ይሆናል። ልዩነቱ የአንድ ማጭድና የጥቂት ትዕግሥት ነው። ማር የሚቈርጡ ወገኖቻችንም ይህንን አሳምረው ያውቁታል። አስተዋይ ማር ቈራጭ ለንቦቹ የሚበቃቸውን ሳያስቀር ቀፎውን አይዘጋም። ንቦቹን አዝኖላቸው ብቻ አይደለም፤ በሚመጣው ዓመት ወደዚያው ቀፎ የሚመለስ ሰው መኖሩን ስለሚያውቅ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ሰባተኛውን ትእዛዝ በምታስተምሩበት ጊዜ «ይህ የማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ ሁለተኛ ጥያቄ እንድትጨምሩ እንመክራለን፤ «ከእኔ በኋላ ወደዚህ የሚመጣው ማን ነው?» ልጆቹ በየአካባቢያቸው ያለውን ይንገሯችሁ። ምንጩን፣ የግጦሹን መስክ፣ የማገዶውን ቍጥቋጦ፣ በቁምስናው ቅጥር ውስጥ ያለውን ዛፍ ይጥቀሱ። ከእያንዳንዱም ቅጠሉ የትኛው፣ ሥሩ የትኛው እንደ ሆነ ራሳቸው ይለዩ። ምናልባት ከእኛ ከአዋቂዎቹ ፈጥነው ይለዩት ይሆናል፤ ወደ ተዳፋቱ በኋላ የሚመጡት እነርሱ ናቸውና።

በመነሻችን ላይ ላነሣነው ጥያቄም መልሳችን ይህ ነው። ባለቤት የሌለው ነገር የለም። የዱር ቅጠል ሰጪ አለው፤ ወራሽም አለው። በሰጪውና በወራሹ መካከል ቆመን የምንለቅም እኛ የምንበላው ድርሻ ተሰጥቶናል፤ ያንን በምስጋና እንብላ። በየማዕዳችን ስንባርክ የዛሬውን እንጀራ ስለ ሰጠን አምላካችንን እናመሰግናለን፤ ነገ በዚሁ ምድር ላይ ማዕዳቸውን የሚባርኩትንም በጸሎታችን እናስባቸው። ለሚወስድ እጃችን ልክን፣ ለኅሊናችን ማስተዋልን ይስጠን፤ አሜን።